የግሬይሎክ ተራራና ጠባቂዎቹ

ሀ. ከንባብ በፊት

ምንባቡን ከማንበባችሁ በፊት በሚከተሉት ጥያቄዎች ላይ ተወያዩ።

1. በአካባቢያችሁ የሚገኝ አንድ ተራራ ወይም ደን የማን ነው ይባላል? የሚጠብቀውስ ማን ነው?
2. «አደራ» ማለት ምን ማለት ነው? አደራ የተቀበለ ሰው በተረከበው ነገር ላይ ምን ማድረግ ይችላል? ምን ማድረግስ አይችልም?
3. በረዶ በሚበዛበት አገር የሚኖሩ ሰዎች በተራራ ላይ ምን ዓይነት ስፖርት የሚሠሩ ይመስላችኋል?

ማሳሰቢያ፦ በምንባቡ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ለ. ምንባብ

በዩናይትድ ስቴትስ ሰሜን ምሥራቅ ክፍል ማሳቹሴትስ የሚባል ግዛት አለ። በግዛቱ ምዕራባዊ ጫፍ፣ በርክሻየር በተባለው አውራጃ ውስጥ፣ ግሬይሎክ የተባለው ተራራ ይገኛል። ከፍታው ከባሕር ወለል በላይ 1,060 ሜትር ያህል ሲሆን፣ በማሳቹሴትስ ውስጥ እርሱን የሚበልጥ ተራራ የለም። በምሥራቃዊ ግርጌው አዳምስ የምትባል ትንሽ የፋብሪካ ከተማ ተቀምጣለች።

ከኢትዮጵያ ተራሮች ጋር ያነጻጸረው ሰው ግሬይሎክን ኮረብታ ሊለው ይችላል። ራስ ዳሸን ከ4,500 ሜትር በላይ ከፍታ አለው፤ አዲስ አበባም ብትሆን የተቆረቆረችው ከግሬይሎክ ጫፍ በእጥፍ በሚበልጥ ከፍታ ላይ ነው። ይሁን እንጂ የአንድን ቦታ ብርድ የሚወስነው ከፍታው ብቻ አይደለም። ግሬይሎክ ከምድር ወገብ ርቆ ወደ ሰሜን ከ42 ዲግሪ በላይ ላይ ይገኛል። በዚያ አገር ክረምት ማለት የዝናብ ወቅት ሳይሆን የብርድና የበረዶ ወቅት ነው። በእነዚያ ወራት በረዶው እንደ ተባዘተ ጥጥ እየወረደ ዛፉንም፣ ገደሉንም፣ መንገዱንም ያለብሳል።

ለአካባቢው ሰዎች በረዶው ችግር ብቻ ሳይሆን ደስታም ነው። ሁለት ረጃጅምና ቀጫጭን መንሸራተቻዎችን ከጫማቸው ጋር አያይዘው፣ በእጃቸው ሁለት ዘንጎች ጨብጠው፣ ከተራራው ጫፍ እስከ ግርጌው ይንሸራተታሉ። ይህም ስፖርት ስኪ ወይም የበረዶ ሸርተቴ ይባላል። የግሬይሎክ ታሪክ ከዚህ ስፖርት፣ በተራራው ላይ ከተቀደዱት የእግር መንገዶችና ከደኑ ጋር የተሳሰረ ነው። ከሁሉ በላይ ግን ታሪኩ የሕዝብ አደራ ታሪክ ነው።

የተራቆተው ተራራ

በ19ኛው መቶ ዓመት ግሬይሎክ ዛሬ የሚታየውን ደን አልለበሰም ነበር። ገበሬዎች ለእርሻና ለበግ ግጦሽ ሲሉ የግርጌውን ደን መነጠሩ። ከዚያ በላይ ያለውን ደግሞ እንጨት ቆራጮችና ከሰል አክሳዮች ጨፈጨፉት። ዛፍ ሲቆረጥ ሥሩ አፈሩን አቅፎ መያዙን ይተዋል፤ ቅጠሉም የዝናቡን ኀይል አያበርደውም። ስለዚህ በተራቆተው ቁልቁለት ላይ ጎርፉ አፈሩን ያጥበው፣ አልፎ አልፎም ናዳ ይወርድ ጀመር። በየቦታው የተተወው ደረቅ ቅርንጫፍም ለእሳት ምግብ ሆነ።

ይህን ያዩ የአካባቢው ሰዎች በ1880ዎቹ ተሰባስበው ማኅበር አቋቋሙ። ገንዘብ አዋጥተውም በተራራው ጫፍ ዙሪያ 160 ሄክታር ያህል መሬት ገዙ። ዓላማቸው መሬቱን አርሰው ወይም ደኑን ሸጠው ለማትረፍ አልነበረም፤ ጫፉ ከመጥረቢያ ተርፎ ደን እንደ ለበሰ እንዲቆይ ነበር። ለጎብኚዎች መንገድ ከፈቱ፤ በመንገዱ ከሚያልፈውም ጥቂት ገንዘብ ያስከፍሉ ነበር። ሆኖም ገቢው ወጪውን ሊሸፍን አልቻለም። የማኅበሩ አባሎች ተራራው በጥቂት ሰዎች ኪስ ብቻ ሊጠበቅ እንደማይችል ተረዱ።

በመጨረሻም በ1898 የማሳቹሴትስ ሕግ አውጪ ምክር ቤት ባወጣው ሕግ መሬቱ የግዛቱ ሕዝብ ንብረት ሆነ። ጥበቃውን የሚመሩ ኮሚሽነሮችም ተሾሙ። ከእነርሱ አንዱ ጆን ባስኮም የተባለ የኮሌጅ መምህርና የፍልስፍና ሊቅ ነበር። ከዚያ በኋላ ዙሪያው ያለው መሬት እየተገዛ ሲጨመር፣ የተጠበቀው ክልል ከዓመት ወደ ዓመት ሰፋ። ዛሬ ወደ 5,000 ሄክታር ይጠጋል። በምዕራብ በኩል ባለው ጥልቅ ሸለቆ ውስጥ ከመጥረቢያ የተረፉ ጥንታዊ የጥድ ዛፎች ይገኛሉ። ከጫፉ አጠገብም በሩቅ ሰሜን ካሉት ቀዝቃዛ አገሮች ደን ጋር የሚመሳሰል፣ ነፋስ ያጎበጠው አጭር ደን አለ።

የእግር መንገዶቹ

ተራራውን በእግር የመውጣት ልማድ ከጥበቃው ሕግ ይቀድማል። በ1830 በአቅራቢያው ያለው የዊልያምስ ኮሌጅ ተማሪዎች ከሸለቆው እስከ ጫፉ የሚያደርስ መንገድ ጠረጉ። በ1844 ደራሲው ሄንሪ ዴቪድ ቶሮ ብቻውን ወጥቶ ሌሊቱን ከጫፉ ላይ አሳለፈ፤ ያየውንም በ1849 ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ ተረከ። ሌላው ደራሲ ኸርማን ሜልቪል በአካባቢው ይኖር በነበረበት ጊዜ ከጽሕፈት ክፍሉ መስኮት ግሬይሎክን ይመለከት ነበር፤ በ1852 ያወጣውን ልብ ወለድ መታሰቢያነትም ለዚሁ ተራራ ሰጠ።

በ1937 ተቀጥሎ የተጠናቀቀው የአፓላችያን የእግር መንገድም በግሬይሎክ ጫፍ ላይ ያልፋል። ይህ መንገድ ከደቡቡ የጆርጂያ ግዛት ተነሥቶ እስከ ሰሜኑ የሜይን ግዛት ድረስ 3,500 ኪሎ ሜትር ያህል ይዘልቃል። በማሳቹሴትስ ውስጥ ያለውን ክፍል የሚንከባከቡት በአብዛኛው ደመወዝ የማይከፈላቸው በጎ ፈቃደኞች ናቸው።

የእግር መንገድ አንዴ ከተቀደደ በኋላ ለዘላለም የሚኖር ይመስላል። እውነቱ ግን ሌላ ነው። የተራራ መንገድ ሁለት ጠላቶች አሉት። አንደኛው ውሃ ነው። እግር የረገጠው መሬት ዝቅ ስለሚል ጎርፉ መንገዱን እንደ ቦይ ይጠቀምበታል፤ አፈሩን ጠርጎ ድንጋዩን ያገጥጠዋል። ይህን ለመከላከል በጎ ፈቃደኞቹ ድንጋይ ወይም ግንድ ከመንገዱ አግድመው በሰያፍ ይቀብራሉ፤ ውሃውም ወደ ጎን ተመልሶ ወደ ደኑ ይገባል። ቁልቁለቱ በጸናበት ቦታም የድንጋይ ደረጃ ይሠራሉ። ሁለተኛው ጠላት ራሱ ደኑ ነው። የወደቀ ዛፍ መንገዱን ሲዘጋ ተጓዡ በጎን ይዞራል፤ ብዙዎች ከዞሩም ሌላ መንገድ ይፈጠራል፤ ቡቃያውም ይረገጣል። ስለዚህ የወደቀውን ግንድ በወቅቱ ቆርጦ ማንሣት መንገዱን ብቻ ሳይሆን ደኑንም መጠበቅ ነው።

መብረቅ የተባለው መንሸራተቻ

በ1929 በአሜሪካ ታላቅ የኢኮኖሚ ውድቀት ደረሰ። ፋብሪካዎች ተዘጉ፤ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ሰዎችም ሥራ አጡ። በ1933 ፕሬዚዳንት ፍራንክሊን ሩዝቬልት ሥራ ፈት የሆኑ ወጣቶች በደንና በአፈር ጥበቃ ሥራ እንዲሰማሩ ሲቪል ኮንሰርቬሽን ኮር የተባለ ድርጅት አቋቋሙ። ወጣቶቹ በሰፈር ተጠቃለው እየኖሩ ዛፍ ይተክሉ፣ መንገድ ይሠሩ፣ እሳት ያጠፉ ነበር። የወር ደመወዛቸው 30 ዶላር ሲሆን፣ ከዚህ ውስጥ አብዛኛው፣ ማለትም 25 ዶላሩ፣ በቀጥታ ለቤተሰቦቻቸው ይላክ ነበር።

ከእነዚህ ሰፈሮች አንዱ በግሬይሎክ ላይ ተቋቋመ። ወጣቶቹ በጫፉ ላይ ከድንጋይና ከእንጨት የእንግዳ ማረፊያ ሠሩ፤ ይህም ማረፊያ በጆን ባስኮም ስም ተሰየመ። በ1934 ደግሞ በተራራው ምሥራቃዊ ገጽ ላይ፣ ከጫፉ አጠገብ ጀምሮ ወደ አዳምስ የሚወርድ የስኪ መንገድ ቀደዱ። መንገዱ ከ600 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል፤ ጠባብ፣ ጠምዛዛና እጅግ ቀጥ ያለ ነው። ስሙም ተንደርቦልት ተባለ፤ ትርጉሙ «መብረቅ» ነው።

የመጀመሪያው ውድድር በ1935 ተካሄደ። በዚያ ዘመን በተራራው ላይ ሰው የሚያወጣ መሣሪያ አልነበረም። ተወዳዳሪው መንሸራተቻውን ተሸክሞ ከአንድ ሰዓት በላይ በእግሩ ይወጣል፤ የወጣበትን በጥቂት ደቂቃዎች ይወርደዋል። በሺህ የሚቆጠሩ ተመልካቾችም ከመንገዱ ዳርና ዳር በበረዶው ላይ ቆመው ይመለከቱ ነበር። የአዳምስ ወጣቶች፣ አብዛኞቹ የፋብሪካ ሠራተኞች ልጆች፣ ከታወቁ ኮሌጆች ከመጡ ተወዳዳሪዎች ጋር እኩል ይሽቀዳደሙ ጀመር። በ1938 በተደረገው ውድድር ከጀርመን የመጣ ቡድን ተካፍሎ ከአባሎቹ አንዱ አሸነፈ።

ብዙ ዓመት ሳያልፍ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት የስፖርቱን ጊዜ አቋረጠው። አሜሪካ በተራራና በበረዶ ላይ የሚዋጋ ጦር ባስፈለጋት ጊዜ አሥረኛው የተራራ ክፍለ ጦር ተቋቋመ። በተንደርቦልት ላይ መንሸራተት ከተማሩት ወጣቶች አንዳንዶቹ ወደዚህ ጦር ገቡ። ክፍለ ጦሩ በ1945 በኢጣልያ ተራሮች ላይ ጽኑ ውጊያ አካሂዷል። ከዘመቱት የአዳምስ ልጆች ሁሉም አልተመለሱም። ስለዚህ ተንደርቦልት ለከተማዋ ነዋሪዎች የመጫወቻ ቦታ ብቻ ሳይሆን የልጆቻቸው መታሰቢያም ሆነ።

አደራውና ፍርዱ

ከጦርነቱ በኋላ አዲስ ፈተና መጣ። በ1950ዎቹ በአካባቢው የነበሩ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎች ተራ በተራ ሲዘጉ ብዙ ሰው ሥራ ፈታ። በሌላ በኩል የስኪ ስፖርት ትልቅ ንግድ ሆኖ ነበር። ስለሆነም አንዳንድ ሰዎች ግሬይሎክን ወደ ገቢ ምንጭነት ለመለወጥ አሰቡ። በ1953 በወጣ ሕግ፣ ሰዎችን በሽቦ ገመድ ላይ እየተንጠለጠለ ወደ ጫፉ የሚያደርስ ማመላለሻ እንዲሠራ አንድ ባለሥልጣን መሥሪያ ቤት ተቋቋመ። ነገር ግን ለማመላለሻው ብቻ የሚበቃ ገንዘብ ለማግኘት ስላልተቻለ ዕቅዱ እየሰፋ ሄደ። በተለያዩ የገመድ ወንበሮች የሚገለገል፣ አሥራ አንድ የስኪ መንገዶች፣ ምግብ ቤትና የስጦታ ዕቃ መሸጫ ያሉት ማዕከል ታቀደ። ለዚህም ከ3,500 ሄክታር በላይ ከነበረው የሕዝብ ክልል ውስጥ 1,600 ሄክታር ያህሉ፣ ማለትም ወደ ግማሽ የሚጠጋው፣ በኪራይ ተሰጠ። ማዕከሉን እንዲያስተዳድርና ከትርፉም ድርሻ እንዲያገኝ የተመረጠው አንድ የግል ኩባንያ ነበር።

ሕዝቡ በሁለት ተከፈለ። የዕቅዱ ደጋፊዎች ክፉ ሰዎች አልነበሩም። ሥራ ላጣ ወጣት ሥራ፣ ለደከመች ከተማ ገበያ ይገኛል ብለው ተስፋ አድርገው ነበር። ተቃዋሚዎቹም ስኪን የሚጠሉ ሰዎች አልነበሩም፤ በተራራው ላይ ከሠላሳ ዓመት በፊት የተቀደደውን የስኪ መንገድ ሁሉም ያውቁት ነበር። ልዩነቱ ሌላ ነበር። ተንደርቦልት ደኑን ጥቂት ብቻ ነክቶ፣ ለሁሉም ክፍት ሆኖ፣ ያለ ክፍያ የሚያገለግል አንድ ጠባብ መንገድ ነው። አዲሱ ዕቅድ ግን የሕዝቡን ተራራ ግማሽ ለንግድ የሚያውል ነበር።

በመጨረሻ አምስት የበርክሻየር ነዋሪዎች ጉዳዩን ለፍርድ ቤት አቀረቡ። ከተራራው ላይ የግል መሬት ስለ ተወሰደባቸው አልነበረም የከሰሱት። ተራራው የሕዝብ አደራ ነው፤ እኛም ከሕዝቡ ወገን ነን፤ ስለዚህ አደራው እንዳይበላ የመጠየቅ መብት አለን የሚል ነበር ክርክራቸው።

የማሳቹሴትስ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1966 ፍርዱን ሰጠ። ፍርድ ቤቱ ስኪ መልካም ነው ወይስ መጥፎ ነው ብሎ አልመረመረም። የመረመረው ጥያቄ ይህ ነበር፤ ለአንድ የሕዝብ ጥቅም የተለየ መሬት ለሌላ ጉዳይ እንዲውል ሕግ አውጪው ምክር ቤት በግልጽ ቃል ፈቅዷልን? የ1953ቱን ሕግ ሲመረምርም እንዲህ ያለ ሰፊ የንግድ ማዕከል በዚያ ስፍራ እንዲሠራ የሚፈቅድ ግልጽ ቃል አላገኘም። ስለዚህ የኪራይ ውሉም ሆነ ከኩባንያው ጋር የተደረገው ስምምነት የማይጸኑ ናቸው ሲል ወሰነ። ማዕከሉም ሳይሠራ ቀረ።

የዚህ ፍርድ ድምፅ ከተራራው አልፎ ተሰማ። በ1970 ጆሴፍ ሳክስ የተባሉ የሕግ ፕሮፌሰር የተፈጥሮ ሀብት የሕዝብ አደራ መሆኑን ባስረዱበት የታወቀ ጽሑፍ ውስጥ የግሬይሎክን ፍርድ እንደ ዋና ምሳሌ አቀረቡት። በ1972 ደግሞ የማሳቹሴትስ ሕዝብ የግዛቱን ሕገ መንግሥት አሻሻለ። በማሻሻያው መሠረት ለተፈጥሮ ጥበቃ የተለየ መሬት ለሌላ ጉዳይ የሚውለው ከምክር ቤቶቹ አባሎች ሁለት ሦስተኛው ሲስማሙበት ብቻ ነው።

ደን የዋጠው መንገድ

አደራውን ከገበያ ማዳን አንድ ነገር ነው፤ ከመዘንጋት ማዳን ደግሞ ሌላ ነገር ነው። የገመድ ወንበር ያላቸው የስኪ ማዕከሎች በሌሎች ተራሮች ላይ ሲስፋፉ፣ መንሸራተቻውን ተሸክሞ ተራራ የሚወጣው ሰው ቁጥር አነሰ። በተንደርቦልት ላይ የሚደረገው ውድድርም ቀስ በቀስ ቆመ። ማንም በክፋት አላጠፋውም፤ የሚጠርገው ሰው ብቻ ጠፋ። በመጀመሪያ ሣር፣ ቀጥሎ ቁጥቋጦ፣ በኋላም ዛፍ በቀለበት። የቀድሞዎቹ ተወዳዳሪዎችም አረጁ፤ የሚያውቁትን ታሪክ ሳይናገሩ ያረፉ ነበሩ።

ከብዙ ዓመታት በኋላ በከተማዋ የሚኖሩ ጥቂት ሰዎች ይህ ቁጭት አነሣሣቸው። በሕይወት ያሉትን ሽማግሌዎች እየጠየቁ ቃላቸውን በፊልም ቀረጹ፤ የጥንቱን ፎቶግራፍ፣ የውድድር ቁጥርና የእንጨት መንሸራተቻ ከየቤቱ አሰባሰቡ። በ2008 አካባቢም በጎ ፈቃደኞች ተደራጅተው መንገዱን ከግዛቱ የመናፈሻ ሹማምንት ጋር እየተመካከሩ ይጠርጉ ጀመር። በበጋና በመጸው ቅዳሜና እሑድ መጋዝና ማጭድ ይዘው ይወጣሉ፤ ቁጥቋጦውን ይመነጥራሉ፤ የወደቀውን ግንድ ያነሣሉ፤ የውሃ መውረጃውን ያስተካክላሉ። ጠራጊዎቹ አዲስ ደን አልቆረጡም፤ ሥራቸው አያቶቻቸው በቀደዱት መንገድ ላይ ብቻ ነበር።

በየካቲት 2010፣ ከመጀመሪያው ውድድር ሰባ አምስት ዓመት በኋላ፣ በተንደርቦልት ላይ እንደገና ውድድር ተካሄደ። እንደ ቀድሞው ሁሉ የገመድ ወንበር የለም። ተወዳዳሪው በገዛ እግሩ ይወጣል፤ ከዚያም ይወርዳል። አንዳንዶቹም ለአባቶቻቸው መታሰቢያ እንዲሆን የጥንቱን ልብስ ለብሰው፣ በጥንቱ መንሸራተቻ ይወርዳሉ።

ሁሉም ነገር ግን በጠባቂዎቹ እጅ አይደለም። ተንደርቦልት የሰው ሠራሽ በረዶ አይረጭበትም፤ የሚወርደውን ጠብቆ የሚሠራ መንገድ ነው። የዓለም አየር እየሞቀ ሲሄድ በረዶው የሚያንስባቸው ክረምቶች እየበዙ መጥተዋል፤ በረዶ ባልበቃባቸው ዓመታትም ውድድሩ ሳይካሄድ ቀርቷል። በጫፉ አጭር ደን ውስጥ ይራባ የነበረ አንድ ትንሽ ዘማሪ ወፍም ከ1970ዎቹ ወዲህ ለመራባት ወደ ግሬይሎክ መምጣቱን ትቷል። አንድ ከተማ ሕዝብ መጥረቢያንና ገበያን ሊከለክል ይችላል፤ የአየርን መሞቅ ግን ብቻውን ሊያቆመው አይችልም። ለዚህ የሚያስፈልገው የብዙ ከተሞችና የብዙ አገሮች ክንድ ነው።

የግሬይሎክ ሰዎች ታሪክ የሚያስተምረው ይህን ነው። አደራ አንድ ጊዜ በሕግ ተጽፎ የሚያበቃ ጉዳይ አይደለም። አንዱ ትውልድ ገንዘብ አዋጣ፤ ሁለተኛው መንገድ ቀደደ፤ ሦስተኛው ፍርድ ቤት ቆመ፤ አራተኛው መጋዝ ይዞ ወጣ። ከእነዚህ አንዱ እንኳ ድርሻውን ባይወጣ ኖሮ፣ የሌሎቹ ድካም ከንቱ በቀረ ነበር። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚባለው በአንድ ዘመን ላሉ ሰዎች ብቻ አይደለም፤ በትውልድ መካከል ላለው ማበርም ይሠራል።

ሐ. የመረዳት ጥያቄዎች

ለሚከተሉት ጥያቄዎች በምንባቡ መሠረት በተሟላ ዓረፍተ ነገር መልስ ስጡ።

1. ግሬይሎክ ከአዲስ አበባ እጅግ ዝቅ ያለ ሆኖ ሳለ በረዶ የሚዘንብበት ለምንድን ነው?
2. በ1880ዎቹ ማኅበር ያቋቋሙት ሰዎች ተራራውን ለግዛቱ ያስረከቡት በምን ምክንያት ነው?
3. የተራራ መንገድ ሁለቱ ጠላቶች ምንና ምን ናቸው? በጎ ፈቃደኞች እያንዳንዳቸውን የሚከላከሉት እንዴት ነው?
4. ተንደርቦልትና በ1950ዎቹ የታቀደው የስኪ ማዕከል በምን በምን ይለያያሉ?
5. ፍርድ ቤቱ የመረመረው ጥያቄ ምን ነበር? ያልመረመረውስ?
6. «ማንም በክፋት አላጠፋውም፤ የሚጠርገው ሰው ብቻ ጠፋ» የሚለውን ዓረፍተ ነገር በራሳችሁ አነጋገር አብራሩ።

መ. የቃላት ጥናት

የሚከተሉት ቃላትና ሐረጎች በምንባቡ ውስጥ ያላቸውን ፍች ካጠናችሁ በኋላ በእያንዳንዳቸው አንዳንድ ዓረፍተ ነገር ሥሩ።

መነጠረ — ዛፍና ቁጥቋጦ ቆርጦ መሬትን ገላጣ አደረገ
ያገጥጠዋል — ሽፋኑን አንሥቶ ወደ ውጭ እንዲታይ ያደርገዋል
በሰያፍ — ቀጥ ብሎ ሳይሆን ወደ ጎን አዘንብሎ
አደራ በላ — በእምነት የተቀበለውን ነገር ለራሱ አደረገ፣ ካደ
የማይጸና — በሕግ ፊት ዋጋ የሌለው፣ የማይሠራ
ቁጭት — ሊደረግ ሲገባ ባልተደረገ ነገር የሚሰማ የጸጸት ስሜት

ሠ. ሰዋስው

«ከእነዚህ አንዱ እንኳ ድርሻውን ባይወጣ ኖሮ፣ የሌሎቹ ድካም ከንቱ በቀረ ነበር።»

ይህ ዓረፍተ ነገር ያልሆነን ነገር እንደሆነ አድርጎ በማሰብ ውጤቱን ይናገራል። «ባይ… ኖሮ» ሁኔታውን፣ «በ… ነበር» ደግሞ ውጤቱን ያመለክታሉ። የሚከተሉትን በዚሁ ዓይነት አሟልታችሁ ጻፉ።

1. አምስቱ ነዋሪዎች ክስ ባይመሠርቱ ኖሮ፣ …
2. የወደቀው ግንድ በወቅቱ ባይነሣ ኖሮ፣ …
3. … ባይቀርጹ ኖሮ፣ የሽማግሌዎቹ ታሪክ በጠፋ ነበር።

ረ. ክርክርና ድርሰት

1. በክፍላችሁ በሁለት ወገን ተከፍላችሁ፣ አንደኛው ወገን የስኪ ማዕከሉን ዕቅድ ደጋፊ፣ ሁለተኛው ተቃዋሚ በመሆን ተከራከሩ። እያንዳንዱ ወገን የሌላውን አሳብ በቅንነት ከጠቀሰ በኋላ መልስ ይስጥ።
2. በአካባቢያችሁ ሽማግሌዎች የሚያውቁትን፣ ነገር ግን ያልተጻፈ የአንድ መንገድ፣ ምንጭ ወይም ደን ታሪክ ጠይቃችሁ ከሁለት ገጽ በማያንስ ድርሰት ጻፉ። ቦታውን ማን እንደጠበቀው፣ ዛሬ በምን ሁኔታ ላይ እንደሚገኝና ከእናንተ ትውልድ ምን እንደሚፈለግ ግለጹ።